የትራክተሩ ኮዳ መያዣ

«ንቅንቅ አላለም» አለ አባቷ፣ የጫማውን ጭቃ ደጃፉ ላይ እያራገፈ።

ከሰኞ ጀምሮ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚናገረው ይህንን ነው። ድሮ «እንዴት ዋላችሁ» ነበር የሚለው። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ሰላምታው ከተቀየረ አራተኛ ቀኑ።

«ያንን ጎርባጣ መስክ ስታርስም?» አለች ልጁ።

«ንቅንቅ አላለም አልኩሽ እኮ» አለና እጁን ሊታጠብ ወደ ጓሮ አለፈ።

«ጉድ ነው» አለች እናቷ ሽንኩርት እየላጠች። «እኔ በዚህ ቤት አሥራ ስድስት ዓመት ንቅንቅ ሳልል ስኖር አንድ ቀን እንኳ ያወራልኝ የለም።»

ልጅቷን ሰፈሩ ሁሉ ብሎን ይላታል። ሁለት ዓመት ሳይሞላት አንድ ብሎን ከአፏ ውስጥ በስንት መከራ ተፈልቅቆ ወጥቶ ነበር፤ አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ቢሆንም ስሙ አልለቀቃትም። እሷም ብዙ አልጠላችውም። የጎረቤታቸው ልጅ «ሳሙና» ነው የሚባለው፤ ከዚያ ይሻላል።

ንቅንቅ አላለም የተባለው ደግሞ የኮዳ መያዣ ነው። አባቷ የእርሻው ትራክተር ሾፌር ነው። ትራክተሩ አሮጌ ስለሆነ ጋቢናው ውስጥ ውሃ ማስቀመጫ ብሎ ነገር የለም፤ አባቷም ኮዳውን በጭኖቹ መሃል አጣብቆ ነበር የሚያርሰው። ክዳኑ በደንብ ያልጠበቀ ቀን ሱሪው ርሶ ይመጣል። እናቷ በር ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች ታየውና «ዛሬም አመለጠህ?» ትለዋለች።

ብሎን አንድ የተጣለ ትልቅ ስፒከር ፈታታ ማግኔቱን አወጣች። ክብ ነው፣ መሃሉ ቀዳዳ አለው። የዱቄት ወተት ጣሳ ጎኑን በሚስማር በስታ፣ ጣሳውንና ማግኔቱን በአንድ ብሎንና ዳዶ አሰረቻቸው። ማግኔቱ የጋቢናው ቋሚ ብረት ላይ ይለጠፋል፣ ኮዳው ጣሳው ውስጥ ይቀመጣል፣ በቃ። ያስቸገራት ቀለሙ ብቻ ነበር። አባቷ ትራክተሩ ላይ አንዲት ጭረት ካየ ምሳ የማይበላ ሰው ነው። ስለዚህ ማግኔቱ ቀለሙን እንዳይፍቀው ፊቱን ባሮጌ ካፖርት ቁራጭ ሸፈነችው። በዚህ ብልሃቷ ለሁለት ቀን ያህል በራሷ ኮርታ ነበር። ከዚያ ኮዳውን ሞልታ፣ ግቢ ውስጥ በቆመው ትራክተር ላይ ሞከረችው። ያዘ። በእጇ ወዘወዘችው፤ አሁንም ያዘ።

ይህ ሁሉ ልፋት ለአባቷ ሱሪ ብቻ አልነበረም። የእርሻው ጋራዥ ኃላፊ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው፤ ትልቁም ትንሹም ጋሼ ይላቸዋል። ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ከሠራተኞቹ ልጆች አንዱን መርጠው ሰማያዊ ቱታ ያለብሱትና ሥራ ያስተምሩታል። እስከ ዛሬ ሴት ልጅ ገብታ አታውቅም። የከለከለ አልነበረም፣ ግን የጠየቀችም አልነበረችም። ብሎን ጠየቀች። ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጣሳዋን አገላብጠው አዩና፣ «ከሰኞ እስከ ዓርብ አባትሽ ይዞት ይረስ። ከያዘ ቱታው ያንቺ ነው» አሏት።

ነገ ዓርብ ነው። ቱታው ከጋራዡ በር አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በየቀኑ በዚያ በኩል ታልፋለች። እጅጌው እንደሚረዝማት አይታለች። ማጠፍ ነው እንግዲህ።

ሐሙስ ማታ ማታ የትራክተሩን ጋቢና መጥረግ የእሷ ሥራ ነው። የሾፌሮቹ ቤቶች ከግቢው ጋር ስለሚዋሰኑ ባልዲና መጥረጊያ ይዛ ወጣች። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር። ጋራዡ ደጃፍ ላይ ቱርቦ የራሱን ትራክተር ጎማ በርግጫ እየነካ ይፈትሻል። ቱርቦ ከሾፌሮቹ ሁሉ ትንሹ ነው፤ ቅጽል ስሙን ያገኘው በአነዳዱ ነው።

«ብሎን! ያ ነገርሽ ገጥሞልኛል» አላት። ትናንት ለምኗት ሁለተኛ መያዣ ሠርታለት ነበር። «ትራክተሬ ዘይት ሲቀየርለት ስለዋለ ዛሬ አልሞከርኩትም። ነገ የቦዩን ዳር ሳርስ ግን ሻዬን ይዤ ፏ ብዬ ነው። ይመችሽ!»

«ሻይ አይደለም፣ ለኮዳ ነው የሠራሁት» አለች እየሳቀች፣ ወደ አባቷ ትራክተርም ወጣች።

ወለሉን ጠረገች፣ መስታወቱን ወለወለች። አባቷ መጥረጊያ ጨርቁን መያዣው ላይ አንጠልጥሎታል። ጨርቁን ልታነሳ ስትል የሆነ ነገር ጣቷን ወጋት። ሽቦ ነው። ቀጭን ሽቦ ጣሳዋን ከነማግኔቱ ሦስት ዙር ጠፍሮ ቋሚው ብረት ላይ አስሮታል። ጫፉ በፒንሳ ተጠምዟል። የአባቷ እጅ ነው፤ ሽቦ ሲጠመዝዝ ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው የሚያዞረው።

ብሎን ጎንበስ ብላ ብረቱን አየችው። ከመያዣው ሥር ጀምሮ ወደታች አንድ ቀጭን ጭረት ወርዷል፤ የብሎኑ ራስ ካፖርቱን በስቶ ወጥቶ የሄደበት መንገድ ነው። ኮዳውን ከጣሳው መዝዛ አወጣችው። ጎኑ ተጨርምቷል። ጭርምቱ ላይ ደግሞ ሦስት ትይዩ መስመሮች አሉ። እነዚያን መስመሮች ታውቃቸዋለች፤ በየሳምንቱ በብሩሽ የምታጥባቸው የፍሬን መርገጫው መስመሮች ናቸው።

አባቷ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሲመጣ እሷ ኮዳውን ታቅፋ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። አየት አደረጋትና ፎጣውን ደጋግሞ ማጠፍ ጀመረ።

«መቼ ነው?» አለችው።

«ሰኞ። ገና አንድ ሰዓት እንኳ ሳልሠራ።»

«ፍሬን ሥር ገባ?»

«ገባ።» ወደ ፍሬኑ አየ። «ደልዳላ ቦታ ላይ ስለነበርኩ ምንም አልሆንኩም። ማርሹን አውጥቼ ሞተሩን አጠፋሁና ቆመ። የልጅ ነገር ሆኖብሽ እንዳትደነግጪ፤ ምንም አልሆነም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው ንቅንቅ አላለም የምትለኝ?»

«ሰኞ ማታ በር ላይ ቆመሽ ስትጠብቂኝ አየሁሽ» አለ አባቷ። «አንጀቴ አልቻለም። አንዴ ከአፌ ወጣ። ከዚያ ማክሰኞ ምን ልበል? ሰኞ የያዘው ማክሰኞ ወደቀ ልበልሽ?»

ብሎን መናደድ ፈልጋ ነበር፣ ግን እንባዋ ቀደማት። በእጅጌዋ ጠረገችው። ሰበቃ ምን እንደሆነ ፈተና ላይ ጽፋ አሥር ከአሥር አግኝታለች፤ እዚህ ግን በገዛ እጇ ማግኔትና ብረት መሃል የካፖርት ጨርቅ አስገባች። ለዚያውም የሞከረችው ሞተሩ ሳይነሳ ነው። ትራክተር ሲያርስ እንዴት እንደሚንዘፈዘፍ እየታወቀ፣ የቤታቸው ብርጭቆ እንኳ ከሩቅ ሲንቀጠቀጥ እየሰማች፣ በቆመ ትራክተር ላይ ሞክራ ያዘ አለች።

«የቱርቦም እንደዚሁ ነው የተሠራው» አለች።

«እሱን አስቤበታለሁ። ነገ ጠዋት ሳይወጣ እኔ ራሴ በሽቦ እጠፍርለታለሁ። በደንብ ከታሰረ ማግኔቱ ባይይዝስ? ጋሼም አይሰሙም። አንድ ቀን ነው የቀረሽ ልጄ።»

«ታስሮ ከሆነ ማግኔቱ ምን ይሠራል አባዬ?»

አባቷ ፎጣውን እንደገና አጠፈው።

«ሽቦው ነገ ቢላቀቅስ? ቱርቦ እንደሆነ ቀስ ብሎ አይነዳም። ቦዩ ዳር ደግሞ ቁልቁለት ነው።»

«ሽቦ ሳስር አይላቀቅም» አለ፣ ግን ድምፁ ላይ ቀድሞ የነበረው ልበ ሙሉነት አልነበረም።

ራት ላይ ማንም ብዙ አላወራም። እናቷ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየችና «ዛሬስ ትራክተሩ ሞተ እንዴ?» አለች። የሳቀላት የለም። ብሎን ቱታውን አሰበች። ዝም ብትል ነገ በዚህ ሰዓት ለብሳው እጅጌውን እያጠፈች ነው። ዝም ማለት ደግሞ ምንም ሥራ የለውም፤ አባቷ ራሱ ይናገርላታል። ለእሷ የቀረው ቆማ መስማት ብቻ ነው። ምግቡን ትታ ተነሳች።

ዓርብ ጠዋት ሾፌሮቹ ቁልፍ ለመውሰድ ጋራዡ ደጃፍ ተሰብስበዋል። ጋሼ ቁልፎቹን ከሳጥኑ እያወጡ አንድ በአንድ ያድላሉ። ብሎን የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አንግታ ቀድማ መጥታ ነበር። በቀጥታ የቱርቦ ትራክተር ላይ ወጣች፣ መያዣውን ከብረቱ ላይ ነቀለችው። በቀላሉ ነው የተነቀለላት፤ ያም አናደዳት።

«ኧረ ምን እየሠራሽ ነው?» አለ ቱርቦ። «ሙድ እየያዝሽብኝ ነው? ሰጥተሽ መንጠቅ አለ እንዴ?»

«ቆይ» አለችው፣ ወደ ጋሼም ሄደች።

ጋሼ ሲያዩዋት ፈገግ አሉ። «እህሳ! አምስተኛው ቀን ደረሰ።» ወደ አባቷ ዞሩ። «እንዴት ነው፣ ይዟል?»

አባቷ አፉን ከፈተ። የሚወጣው ቃል ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ሳምንቱን ሙሉ ሰምታዋለች። ሳይናገር ቀድማ የቱርቦን መያዣ፣ የተጨረመተውን ኮዳና ትናንት የፈታችውን ሽቦ የጋሼ ጠረጴዛ ላይ ደረደረች።

«አልያዘም ጋሼ» አለች። «ሰኞ ወድቋል። ኮዳው ፍሬን ሥር ገብቶ ነበር። የያዘው ይህ ሽቦ ነው፣ ማግኔቱ አይደለም።»

 ቱርቦ ኮዳውን አነሳና ሦስቱን መስመሮች በጣቱ ዳሰሳቸው። ከዚያ ወደ ቦዩ አቅጣጫ አየ። ስለ ሻዩ ምንም አላለም።

ጋሼ አባቷን ለረጅም ጊዜ አዩት። አባቷ መሬት መሬት ያያል።

«ሽቦውን ያሰርከው አንተ ነህ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ሰኞ?»

«ሰኞ።»

«ከአንተ ጋር በኋላ እንነጋገራለን» አሉና መያዣውን አንስተው አገላበጡት። ካፖርቱን በአውራ ጣታቸው ፈተጉት። «ስትሞክሪው ሞተሩ ተነስቶ ነበር?»

«አልነበረም።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ። አንቺ ደግሞ ቆመሽ ያሰርሽው ሲሮጥ ተፈታ» አሉ። ሾፌሮቹ ሳቁ። ብሎንም ፊቷ እየጋለ ቢሆንም ትንሽ ሳቀች። «ጨርቁን ለምን አደረግሽው?»

«ቀለሙን እንዳይጭር ነው። አባዬ ጭረት አይወድም።»

«አባትሽ ብዙ ነገር አይወድም» አሉ ጋሼ። ወደ ውስጥ ገብተው የአሮጌ ጎማ ካላማዳሪያ ቁራጭ ይዘው መጡ፣ ጎማውንም ጠረጴዛው ላይ ጣሉላት። ምን እንደምታደርገው አልነገሯትም። «ቃል ቃል ነው። ከያዘ ነው ያልኩሽ፤ አልያዘም። ቱታው እዚያው ይሰቀላል።»

«እሺ ጋሼ።»

«ሰኞ ትምህርት ቤት ይዘጋ የለ? ከሰኞ እስከ ዓርብ ሌላ አምስት ቀን ነው። በዚያ መሃል ሌላ ልጅ ሠርቶ ካመጣ ለእሱ እሰጣለሁ። አልጠብቅሽም።»

ብሎን ጎማውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ትምህርት ቤት ሄደች። በቱታው አጠገብ ስታልፍ ቀና ብላ አላየችውም። መንገዱን ግማሽ ያህል ከሄደች በኋላ ግን ጎማው ምን ያህል መወፈር እንዳለበት እያሰበች እንደሆነ ለራሷ ታወቃት። በጣም ከወፈረ ማግኔቱ ይደክማል፤ በጣም ከሳሳ ይንሸራተታል።

ቅዳሜ አባቷን «ሞተሩን አስነሳው» አለችው። ግቢው ውስጥ ሞተሩ እየተንዘፈዘፈ፣ እሷ መያዣው ላይ ዓይኗን ተክላ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመች። አባቷ ነዳጅ አለቀ ብሎ አላጉረመረመም። ከዓርብ ወዲህ ብዙ አይናገርም። እሁድ ጎማውን ቆርጣ አሳሳችው፣ የብሎኑን ራስም ወደ ውስጥ አሰመጠችው።

«ፍሬኑ ያለው በቀኝ ነው» አለችው ሰኞ ጠዋት። «መያዣው ከበሩ ወገን በግራ ይሁን። ቢወድቅም ፍሬን ሥር አይገባም።»

«ክላቹ ሥርስ?»

ይህንን አላሰበችም ነበር። መያዣውን ወስደው አብረው ከወንበሩ ኋላ ባለው ብረት ላይ ለጠፉት።

ሰኞ ማታ በር ላይ አልጠበቀችውም። ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ደብተሯን ገልጣ ነበር። አባቷ ደጃፉ ላይ የጫማውን ጭቃ አራገፈ። ከሌላው ቀን ይልቅ ብዙ ቆየ። እናቷ ሽንኩርት መላጧን አቁማ ጠበቀች።

«ወድቋል» አለ።

ብሎን ቀና ብላ አየችው። እሱም አላቀረቀረም፤ ዓይን ዓይኗን ያያታል።

«ስንት ሰዓት ላይ?» አለችና እርሳሷን አነሳች።

«ስምንት ሰዓት ከሩብ» አለ አባቷ፣ ወንበር ስቦ አጠገቧ እየተቀመጠ። «እስከዚያ ድረስ ይዟል።»