የሰማንያ ስድስት ቲማቲም

ይታየው ጥሩአለምን መጀመሪያ ያያት ቀን አፍንጫዋ ላይ የካሮት ዘር ተጣብቆ ነበር። ልንገራት ወይስ ልተዋት ሲል ዋለ። ዘሩም አብሯት አውቶቡስ ተሳፍሮ ሰፈሯ ክፋር ብራንዳይስ ገባ።

ዘመኑ በፈረንጅ ዘጠና አራት ነው። እስራኤል አገር፣ ሀደራ ከተማ፣ ከገበያው ጀርባ የአትክልት ዘር የሚታሸግበት መጋዘን ነበር፤ ዛሬ የለም። ይታየው ግን ያቺ ክረምት ትዝ ባለችው ቁጥር የደረቀው ድንብላል ይሸተዋል። ጥሩአለም ዘሩን በማንኪያ ለክታ ታሽጋለች፣ በላዩ ስምና ዓመት ትጽፋለች። እሱ ካርቶኑን ቀዝቃዛው ክፍል ይደረድራል። እሱ እስራኤል ከገባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ እሷ ገና ሦስቷ። ኃላፊያቸው ሪናት ሠላሳ ስምንተኛ ልደቱን በኬክ ስላከበረችለት፣ ጥሩአለም «ጋሼ» እያለች አንቱ ትለዋለች። አንቱታው ያሳርረዋል። ቢሆንም ምሳዋን ከሱ ጋር ነው የምትበላው።

አንድ ቀን አንድ ሱቅ አንድ ካርቶን የቲማቲም ዘር መለሰ። ፖስታው ሁሉ «86» ይላል። ሪናት የስምንት ዓመት ዘር ማን ሸጠ ብላ ጮኸች። ይታየው ወዲያው ገባው፤ ጥሩአለም ዓመቱን በአገር ቤት አቆጣጠር ጽፋዋለች። ሳያስበው ሳቀ፤ እየሳቀም ለሪናት በዕብራይስጥ አስረዳ። ጥሩአለም ከዕብራይስጡ ምንም አልገባትም። የገባት ሳቁ ብቻ ነው።

ሪናት አላመነችም፤ መጋዘኑ ውስጥ የከረመ ዘርም ነበረና። መቶ ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅለል፣ ካልበቀለ ጥሩአለም ትሰናበታለች አለች። ይታየው ሳምንቱን ሙሉ ጨርቁን ሲያረሰርስ ጥሩአለም ቀና ብላ አላየችውም። በስምንተኛው ቀን ሲቆጠር ዘጠና አንዱ ጎንቁሏል። ሪናት ይቅርታ ጠየቀቻት። ጥሩአለም ግን ሽርጧን አጥፋ አስቀመጠች፤ ብርቱካን ማሸጊያ ሥራ አግኝታለች። ይታየው ጨርቁን ጥሎ ሮጠ።

አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ደረሰባት።

«ባላውቅ ነው» አለችው። «ሰው ባላወቀው ይሳቅበታል?»

«በራሴ ነው የሳቅሁ።»

«በራስዎ?»

ይኼን ለማንም ነግሮ አያውቅም። ጆሮው እስኪግል አፈረ። መታወቂያውን አውጥቶ ሰጣት።

«ስንመጣ ፎርም ሙላ አሉኝ። የተወለድሁበትን ሻና፣ ዓመቱን፣ በኛው ቁጥር ጻፍሁት፣ ሃምሳ ስድስት ብዬ። እነሱም እንዳለ እዚሁ መታወቂያው፣ ተዑዳት ዘሁቴ ላይ አተሙት። እኔ ሠላሳ ዓመቴ ነው፣ ጥሩአለም... አስተካክሉልኝ እንዳልል፣ መጻፍ አይችልም እንዳይሉኝ ፈራሁ። ኬኩንም ዝም ብዬ በላሁ።»

ጥሩአለም መታወቂያውን አገላብጣ አየችው። አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ከፈተ። አልተሳፈረችም፤ ሄደ።

«እኔኮ» አለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ «ክረምቱን ሁሉ ስጨነቅ ነው የከረምሁ። የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ወደድሁ ብዬ ላባቴ እንዴት እነግረዋለሁ እያልሁ...»

ይታየው መታወቂያውን ተቀበላት። «አሁንስ?» አለ።

«አሁንማ ሽማግሌ ላክ» አለችው፣ እንባዋን እየጠረገች። «ዕድሜህን ግን በአፋቸው ይንገሩት። እንዳትጽፍላቸው።»