የዳይሬክተሩ ጫማ

ፊልሙ በደብተሩ ልባስ ውስጥ ተለጥፎ አለፈ።

«ስህተትሽ በቀይ ተሰምሮልሻል» አላት ጠመኔ። የስለላ መጠሪያው ነው። እዚህ ግን የጣልያንኛ አስተማሪ ነው፤ ተማሪዎቹን የሚቀድማቸው በአንድ ገጽ ብቻ።

ተማሪውም ተባባሪውም የሆነችው ልብስ ሰፊ ማስቲካዋን እያኘከች ተቀበለችው። ፊልሙ ላይ የአርባ እስረኞች ፊት አለ። ዛሬ ካልወጣ ነገ አርባዎቹ የሉም።

የቀረው መውጫውን መንገር ነው። ክፍሉ ግስ ይቆራርጣል፤ ለየቁራጩ ያጨበጭባል፣ ድምፅ የሚጫንበት ላይ ዴስክ ይመታል። ምቱ መጀመሪያ ላይ ከሆነ የፊት በር። መጨረሻ ላይ ከሆነ የጓሮ በር። ጓሮ መኪና ይዞ የሚጠብቀው የጠመኔ አለቃ ነው፤ ያሳደገው አጎቱ። ምልክቱን ያወጣውም እሱ። ፊልሙን ማን ይዞ እንደሚወጣ ብቻ አያውቅም።

ዳይሬክተሩ ከኋላ ተቀምጠዋል። «እኔ ከጣልያንኛ የማውቀው ፓስታ ነው፤ እሱንም በማንኪያ» ብለው ክፍሉን አስቀውታል።

ጠመኔ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ፓር-ሌ-ሮ። እናገራለሁ። ጫናው የት እንደሆነ ገና አላመለከተም።

ጭብ። ጭብ።

የዳይሬክተሩ ጫማ ከሁሉም ቀድሞ ወለሉን መታ። ሦስተኛው ላይ።

ለፓስታ ሰው ይህ ብዙ ነው፤ የጠበቁት ግሱን ሳይሆን የጓሮውን ምልክት ነው።

ምልክቱን የሚያውቁት ሦስት ናቸው። እሱ፣ እሷ፣ አጎቱ።

አጎቱ ሸጦታል።

ወጥመዱ ጓሮ ነው። እንግዲያው እዚያው ይጠብቁ።

«ድገሙ» አለ። ሦስተኛው ላይ ዴስኩ ጮኸ። ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረ።

«አንቺ። ማስቲካሽን ይዘሽ ውጪ።»

«ይቅርታ ቲቸር፣ እተፋዋለሁ።»

«በፊት በር ነው የምትወጪው። ዘበኛው ይይሽና እፈሪ።»

በሳምንት አንድ ሰው ማባረር ልማዱ ነው። ክፍሉ ሳቀ፤ ዳይሬክተሩም። እሷ ዓይኑን አየችው። ገባት። ደብተሯን ብብቷ ውስጥ ወሽቃ ወጣች።

አርባ ደቂቃ አስጨበጨባቸው። መዳፋቸው ላይ እንቁላል ቢሰበር ይበስል ነበር።

ደወል።

ከተማሪዎቹ መሃል ተደባልቆ ወደ ፊት በር ሲሄድ በመስኮት ጓሮውን አየ። መኪናው። አራት ጎረምሶች። አጎቱ መሪው ላይ።

አጎቱም አየው። ሊጠቁማቸው እጁን አነሳ። ብስክሌት ሲያለማምደው ከኋላ ይደግፈው የነበረ እጅ።

እጁ መልሶ ወረደ።

ከሳምንት በኋላ፣ በሌላ ከተማ ተደብቆ በተቀጠረበት ላውንደሪ ውስጥ፣ ሊተኮስ ከመጣ ኮት ኪስ በቀይ ክር የታሰረ ማስቲካ አገኘ። የእሷ ነው። ፊልሙ ደርሷል።

ለማን ይንገር? እናቱ ቤት ቢደውል ስልኩን የሚያነሳው አጎቱ ነው።

«አንተ አዲሱ፣ ስምህ ማን ነበር?» አለው አብሮት የሚተኩሰው።

«እሱ ራሱ ነው። አዲሱ።»

ጣቱ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ። ሦስተኛው ላይ ሳይደርስ እጁን ኪሱ ከተተ።