ክዳኑ ወዴት ያዘንብል?

«አስጠጊው ወደ አጥሩ! ትንሽ… በቃ፣ እዚያ ላይ ምቺው!»

ነጅዋ ችካሉን በድንጋይ መታችው። አናጢው ኃይለሚካኤል ሲባጎውን ከወዲያ ጫፍ ወጠረ። ከሳሎኑ ግድግዳ እስከ አጥሩ፣ እርጥቡ መሬት ላይ፣ የእናቷ ቢሮ ቅርጹን ያዘ።

ቢሮው የእናትና የልጅ የእራት ሰዓት ወሬ ሆኖ ከርሟል። ዘይቱ ቡና ሰብሳቢ ናት፤ ከገበሬው ገዝታ ለትልልቆቹ ነጋዴዎች ታስረክባለች። ሻጩ ሁሉ ከነጭቃ ቦቲው ሳሎን ይገባና ነጅዋ የምታጠናበት ጠረጴዛ ላይ ክርኑን ይዘረጋል። «አንድ ክፍል እንቀጥላለን» አለች ዘይቱ በመጨረሻ። ዛሬ ግን ሸኮ መሄድ ነበረባት። ስትወጣ፣ «ኃይለሚካኤል የሚጠይቅሽን አንቺው መልሺ። ከእኔ እኩል ታውቂዋለሽ» ብላ ነው የሄደችው።

የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ይሄን ያህል ስትታመን ደስ ይላታል። ነጅዋም ደስ ብሏታል። ደስታዋ ግን የደግ ሰው ደስታ አልነበረም።

ከአጥሩ ማዶ የነማርዋ የቡና ማድረቂያ አልጋዎች ተደርድረዋል። ማርዋና ነጅዋ አንድ ክፍል ነው የሚማሩት፤ እስካለፈው ወር ድረስ አንድ ዴስክም ነበሩ። ባለፈው ወር ዘይቱ የማርዋን አባት የሙሐመድኑርን ቡና እጇን ከትታ አገላበጠችና፣ «ይሄ ገና አልደረቀም፤ መልሰህ አስጣው» አለችው፤ ያውም ሰው እየሰማ። በማግስቱ ማርዋ ክፍል ውስጥ አፏን ሞልታ፣ «የነጅዋ እናት እርጥቡን ከደረቁ እየቀላቀለች ነው የምትሸጠው። በዓይኔ አይቻለሁ» አለች። ምኑን እንዳየች አላህ ይወቀው። ምላስ ሲቀል እንዲህ ነው። ወሬው ከትምህርት ቤት ወጥቶ ገበያ ገባ፣ የዘይቱ ደንበኛም መሳሳት ጀመረ። ነጅዋን ደግሞ ልጆቹ «እርጥቧ መጣች!» ይሏት ጀመር።

ነጅዋ ማንም ሳያያት አንዴ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ አላለቀሰችም። በቀሏን እንደ ጥርስ ሕመም ይዛው ከረመች።

«ክዳኑ በአንድ ወገን ነው የሚያዘነብለው» አለ ኃይለሚካኤል። «ወዴት ላድርገው? ወደ ግቢያችሁ ወይስ ወደ አጥሩ?»

«ወደ አጥሩ» አለች ነጅዋ፣ ሳታቅማማ። «ደጃፋችን እንዳይጨቀይ።»

«እሱስ ልክ ነሽ። ግን ጠፈጠፉ አጥሩን ያልፋል። ጎረቤት ይጠራና ይስማማ።»

የሰፈሩ ልማድ ነው። ችካል ሲተከል ከአዋሳኙ ቤት አንድ ሰው መጥቶ ይቆማል። እሱ ያላየው ችካል አያድርም፤ ተነቅሎ ማገዶ ይሆናል። ቆሞ አይቶ «ይሁን» ካለ ግን ኋላ የሚያነሳው አቤቱታ የለም።

ሙሐመድኑር ቴፒ ሄዷል ተባለ። የመጣችው ማርዋ ናት፣ ሲሊፐሯን እየጎተተች።

«ቢሮ ነው? ውይ፣ እናትሽ አራዳ ሆናለች!» አለች። ከወር በኋላ የመጀመሪያ ንግግራቸው ነበር።

«ቁሚ ተብለሽ ነው የመጣሽው። ቁሚ።»

ኃይለሚካኤል እጁን ወደ አጥሩ ዘረጋ። «ክዳኑ ወዲህ ያዘነብላል፣ የኔ ልጅ። ይሁን?»

ማርዋ ክዳን በሌለበት ሰማይ ሰማዩን አየች። ከዚያ ወደ ነጅዋ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፣ «ምን እያለ ነው? አልገባኝም እኮ። አንቺ ካልሽ ይሁን ልበለው?» አለች።

ጉድ እኮ ነው! ሰው የዋሸበትን ሰው እንዲህ ያምናል?

ነጅዋ «በይው» ብትል አለቀ። የሚዛን ከተማ ዝናብ ቀጠሮ አያከብርም፤ ፀሐይ ወጣች ሲባል ይወርዳል። ከቆርቆሮው እየተንደረደረ የነማርዋ ቡና ላይ ያርፋል፣ ቡናው ይሻግታል። ሙሐመድኑር ተሸክሞ ያመጣዋል፤ ዘይቱ በሰው ፊት ትመልሰዋለች። በየዓመቱ! ሐሳቡ እስከ ምላሷ ሥር ጣፈጣት።

ግን ሐሳቧ እዚያ ላይ አልቆመላትም። ሙሐመድኑር የተመለሰውን ቡና ለሌላ ያሳያል። «በምን ረጠበ?» ሲሉት፣ «በዘይቱ ቢሮ ክዳን» ይላል። ያኔ ማርዋ መዋሸት አያስፈልጋትም። እርጥብ ቡና የዘይቱ ሥራ ነው ሲባል እውነት ይሆናል፤ ያውም በገዛ ልጇ እጅ።

«በይ እንጂ፣ ምን ልበለው?»

«እሺ እንዳትይ» አለች ነጅዋ። «ውሃው እናንተ አልጋ ላይ ነው የሚወርደው። ቡናችሁ ይበላሻል።»

ማርዋ አልጋዎቹን አየች፣ ችካሉን አየች። «እያወቅሽ ነው?»

«እያወቅሁ ነው።»

«አንቺ እንዴት ያለሽ ክፉ ነሽ!»

«ክፉ ነኝ። ያደረግሁትን ግን አደረግሁ እላለሁ። አንቺስ? እናቴ ስትቀላቅል የት ቆመሽ ነው ያየሻት?»

ኃይለሚካኤል ጉሮሮውን ጠርጎ፣ የተወጠረውን ሲባጎ እንደገና መወጠር ጀመረ።

«አባቴን ሰው ፊት…» አለች ማርዋ።

«ስለ አባትሽ አልጠየቅሁሽም። የት ቆመሽ?»

የማርዋ ጆሮ እንደ እሸት ቡና ቀላ።

ነጅዋ ወደ አናጢው ዞረች። «ጋሽ ኃይሌ፣ ክዳኑን ወደ እኛ ግቢ ያድርጉት።»

«ደጃፉ ይጨቀያል አላልሽም እንዴ?»

«ቦይ እቆፍራለሁ። እኔው።»

«ይሁና። መስኮቱስ?»

ነጅዋ መንገዱን አየች፣ ግቢውን አየች፣ በመጨረሻ ከአጥሩ በላይ የሚታየውን የነማርዋን በር አየች። ከዚያ በር የሚወጣ ሰው ፊቱን ወደዚህ ሳያዞር አያልፍም።

«በዚህ በኩል። ሰፊ ይሁን። እናቴ ቡና ስታገላብጥ ከዚያ በር ላይ ቆሞ የሚያይ እንዲያይ።»

«ወደ ጎረቤት የሚከፈት መስኮት ከሆነ እሱም ጎረቤትን ይጠይቃል።»

«ጎረቤት ቆማለች። ትጠየቅ።»

ማርዋ ይሄኛው ገብቷታል። መሬት መሬት እያየች፣ «ይሁን» አለች።

«አልሰማሁም።»

«ይሁን!» አለች ማርዋ፣ ጮክ ብላ።

ነጅዋ ድንጋዩን ጣለችና ዶማ ፍለጋ ወደ ጓሮ ሄደች።