የአህያዋ ገጽ

እህተ ማርያም የዶሮዋን ታሪክ እንደ ውኃ ታወርደዋለች። ችግሩ፣ የተገለጠው ገጽ የዶሮዋ አለመሆኑ ነው።

ያምሮት መጽሐፉ ላይ አቀረቀረች። ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ተገልጧል። ሥዕሉ ላይ የቆመችው ጭነት የተሸከመች አህያ ናት። ልጅቱ ግን ጣቷን ከቃል ቃል እያስኬደች፣ «ዶሮዋም ጫጩቶቿን ሰብስባ...» ትላለች።

«ቆይ፣ ቆይ! ዶሮዋ የታለች?»

የሦስተኛ ክፍሏ ልጅ ሥዕሉን አየችው። አህያዋም መልሳ ያየቻት መሰለ።

«እታለም... አንቺ ሁልጊዜ መጀመሪያ ሁለቴ ታነቢልኛለሽ አይደል? በሁለተኛው ይያዝልኛል።»

ያምሮት ክው አለች። አሥረኛ ክፍል ናት። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ንባብ የከበዳቸውን ልጆች በበጎ ፈቃድ ከሚያስጠኑት ተማሪዎች አንዷ ናት። ሁለት ወር ሙሉ እሷ እያነበበች ልጅቱ ተከተለቻት። ለካ ልጅቱ ያጠናችው ፊደሉን ሳይሆን ያምሮትን ነው!

ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ወላጆች የልጆቹን ንባብ ሊሰሙ ይመጣሉ። አንድ ገጽ ሳይደናቀፍ ያነበበ ልጅ «አለፈ» ይባልና ቦታውን ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ልጅ ይለቃል። ያምሮትም ትናንት አብሯት በሚያስጠናው ተማሪ በክንዱ ፊት፣ «የኔዋ ቀድማ ካላለፈች ስሜን ቀይረው!» ብላ ፎክራለች።

«የዶሮዋን ልበላቸዋ» አለች እህተ ማርያም በሹክሹክታ። «ማን ያውቃል? አባዬ እኮ ከገጠር ድረስ በእግሩ እየመጣ ነው።»

ማን ያውቃል! ያምሮት ቃሉን እንደ ከረሜላ ትንሽ አላመጠችው። ጭብጨባው ታያት፣ የክንዱ ፊት ታያት። ቀጥሎም የሚመጣው ቅዳሜ ታያት፤ ልጅቱ ማንም ያላነበበላትን መጽሐፍ ይዛ ብቻዋን ተቀምጣለች።

«ስሚ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አፌ አያርፍማ! አሁን ግን ዝም እላለሁ። ይቺን የአህያዋን የመጀመሪያ መስመር ብቻ፣ ፊደል በፊደል። ትሞክሪያለሽ?»

«ብሳሳትስ?»

«አብረን እናፍራለን፣ ምን ይደረጋል!»

እህተ ማርያም ሳቅ አመለጣት። ከዚያ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ተራቸው ሲደርስ አስተባባሪዋ መምህርት ሸጋዬ፣ «የትኛውን ገጽ ነው?» አሉ።

«የአህያዋን፤ አንድ መስመር ብቻ» አለች ያምሮት። ድምጿ ለራሷም ቀጠነባት። «እኔ አንብቤላት አላውቅም።»

«አ... ህ... አህያዋ!» አለች ልጅቱ። «ወ... ን... ዞ... ዙ...»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ክንዱም ወደ ያምሮት ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ «እና ስምሽን ማን እንበልሽ?» አላት።

«ዝም በል፣ እያነበበች ነው!»

«...ወንዙን! ፈ... ራ... ች። ፈራች!»

ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ ግን ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በእግር የተሄደ ያህል ረዘመ። ጥቂት ሰዎች ለወጉ አጨበጨቡ። መምህርት ሸጋዬም ዝርዝሩ ላይ «አላለፈችም» ብለው ጻፉ።

የልጅቱ አባት ቄስ ገብረሰንበት ጥምጣማቸውን እያስተካከሉ መጡ። ያምሮት ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«የዶሮዋን ታሪክ እቤት ስታወርደው ሰምቻታለሁ፣ ልጄ» አሏት። «ዓይኗ ግን ጣሪያው ላይ ነበር። እኛ ዘንድ ፊደል የሚያስቆጥር መምህር ከታች ወደ ላይ አዙሮ ይጠይቃል፤ ልጁ ዜማውን ብቻ ይዞ እንዳይሆን። ዛሬ ዓይኗ ከፊደሉ አልተነሣም። ተባረኪ።»

ወላጆች ሲበተኑ መምህርት ሸጋዬ ያምሮትን ጠሯት። «ለሚቀጥለው ዙር ቀለል ያለች ልጅ ልስጥሽ? በቶሎ የምታልፍልሽ?»

ያምሮት ክንዱን በጎን አየችው። የሱ ተማሪ አልፏል፤ እሱም ደረቱን ነፍቷል።

«አይ መምህርት፣ የኔዋ ትሁንልኝ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ አዲስ ገጽ ገለጡ። እህተ ማርያም ገና የመጀመሪያው ቃል ላይ ቆመችና ቀና ብላ አየቻት።

«እታለም፣ አንዴ ብቻ አንብቢልኝ።»

ቃሉ ያምሮት ምላስ ጫፍ ላይ ደርሷል። አፏን በሹራቧ እጅጌ ሸፍና ጠበቀች።