ያልተቆነጠጠ አገጭ

ሬሳውን መጀመሪያ ያገኙት በጎች ናቸው። መርማሪ ቱሪድ ከመኪናዋ ስትወርድ ሦስት በጎች አስፋልቱ ላይ ቆመው የሟቹን መዳፍ ይልሱ ነበር፤ የአትሌት ላብ ጨው ነው፣ በግ ደግሞ ለሐዘን ጊዜ የለውም። «ሂዱ ወዲያ!» ብላ አባረረቻቸውና ቁጢጥ አለች።

ሟቹ ዮስታይን ይባላል። ክረምት ሲመጣ በበረዶ ላይ ስኪ በሚባለው መንሸራተቻ አገር ጉድ የሚያሰኝ ሯጭ ነበር። በነሐሴ ግን እዚያ አገር በጋ ነው፣ በረዶ የለም፤ ስለዚህ እንደ እሱ ያሉ ሰዎች ጎማ የተገጠመለት ስኪ እግራቸው ላይ አስረው፣ በሁለት እጃቸው ምርኩዝ ጨብጠው ዳገት ለዳገት ይጋጋጣሉ። አሁን የፍየሎቹ ዳገት የሚባለው መንገድ ሥር፣ መታጠፊያው ላይ፣ ስኪው እግሩ ላይ፣ ሄልሜቱ ራሱ ላይ እንደሆነ ከመንገዱ ዳር መከላከያ ብረት ጎን ተጋድሟል።

«ቁልቁለቱ ነው የገደለው» አለ አሰልጣኙ ሃልግሪም። ፖሊስ የጠራው እሱ ነው፤ አሁን ግን ከቡድኑ ሚኒባስ ጋር ተለጥፎ በሩቅ ቆሟል። «ፍሬን የሚባል ነገር የለውም ይሄ ስኪ። ስንቴ ነገርኩት!»

«በጎቹን አታባርራቸውም ነበር?»

«መቅረብ አቃተኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ ያሳደግኩት ልጅ ነው።»

«ሄልሜት ማድረጉ ጥሩ ነው» አለች ቱሪድ።

«ዛሬ ገና ሰማኝ። ሌላ ጊዜ ቦርሳው ላይ አንጠልጥሎ ነው የሚሄደው፣ እኔን ለማናደድ።»

ቱሪድ የሟቹን መዳፎች ገለበጠች። ከበጎቹ ምላስ በቀር የነካቸው ነገር የለም። ጉልበቶቹም ንጹሕ ናቸው። ሄልሜቱ ደግሞ ሱቅ ውስጥ የተሰቀለ ይመስል ያብረቀርቃል። ከአገጩ ሥር ያለውን ማሰሪያ ልትፈታ ስትል ጣቷ ቆመ። የአንገት ጨርቁ ሁለቴ ታጥፎ፣ መቆለፊያው ቆዳ እንዳይነካ ከሥሩ ገብቷል። ፈታችው፤ አወለቀችው። ውስጡ ደም በደም ነው፤ የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል።

ጭረት በሌለው ሄልሜት ውስጥ የተሰበረ ጭንቅላት። ቱሪድ ሄልሜቱን አስቀምጣ ተነሳች።

«ሌሎቹ የቡድኑ ልጆች የት ናቸው?»

«ቤት ናቸው» አለ ሃልግሪም። «ይናከሳሉ።»

እውነቱን ነው። ቡድኑ የተከራየው ቀይ የእንጨት ቤት ውስጥ ሯጮቹ ቪዳርና ሲኖቬ የጠረጴዛውን ሁለት ጫፍ ይዘው ተፋጠዋል፤ መሐላቸው ማንም ያልነካው የዋፍል ቂጣ ክምር አለ።

«ቪዳር ነው የገደለው» አለች ሲኖቬ፣ ቱሪድ ገና ጫማዋን አውልቃ ሳትጨርስ።

«እንዴት ያለች ምላስ!» አለ ቪዳር። «በፋሲካ ፍቅረኛሽን ‹ገደል ግባ› ብለሽ ጥለሽው የወጣሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ገደል ግባ አልኩት እንጂ አልከተትኩትም። ቱሪድ፣ ነገ የብሔራዊ ቡድኑ ስም ዝርዝር ይነገራል። ከእኛ ወንዶች የሚገባው አንድ ነው፤ ወይ ዮስታይን ወይ ይሄ። አሁን ‹ወይ› የሚባለው ቀረ።»

የቪዳር ፊት ነጣ። «ስሚኝ» አለ ወደ ቱሪድ ዞሮ፤ በዚያ አገር ፖሊስም ጳጳስም «አንቺ» ነው የሚባለው። «ዛሬ ካሰርሽኝ ነገ ስሜን ይሰርዙታል። ንጹሕ ሆኜ ብፈታም ማንም አይመልስልኝም። ዕድሜዬን ሙሉ የሮጥኩት ለዚህች ለአንዲት ቦታ ነው።»

«ትናንት እራት ላይ ከዮስታይን ጋር ተደባድበሃል አሉ፤ ለምን?»

«ለአይብ።»

«ለአይብ?»

«እንደ ጡብ የጠጠረውን ቡናማ አይብ ከመሐል ከመሐል እየላገ፣ እንደ ስኪ መዝለያ አጎድጉዶ ነው የሚተወው! ሁልጊዜ! ከሱ ቀጥሎ የሚመጣ ሰው ምን ይቁረጥ?»

«በዚህ ሰው ይገደላል?»

«ይገደላል» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ። በዚያ ቀን የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው።

ቱሪድ አንድ ዋፍል አንስታ ገመጠች። «ጠዋት ዳገቱን እንዴት ወጣችሁት?»

«ሁለቱ ወንዶች በየተራ፣ በስኪ» አለች ሲኖቬ። «እኔ በጫካው ነው የሮጥኩት፣ ለብቻዬ። ማንም አላየኝም። ይጣፍጥሽ።»

«እኔ መጀመሪያ ደረስኩ» አለ ቪዳር። «ስኪዬን ሚኒባሱ ውስጥ ጣልኩና በእግሬ በአቋራጭ ወረድኩ። የዮስታይንን ፊት ማየት አልፈለግኩም።»

«ያንን ቁልቁለት በስኪ የወረደ ሰው ታውቃላችሁ?»

ሁለቱም እንደ ጅል አዩዋት። «ማንም አይወርደውም» አለ ቪዳር። «በስኪ እንወጣለን፣ ሃልግሪም በሚኒባስ ያወርደናል። ዮስታይን ባለጌ ነበር እንጂ እብድ አልነበረም።»

ከሰዓት በኋላ ቱሪድ ሦስቱንም እዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። አንገቷ ላይ የጨርቅ መጠምጠሚያ አድርጋለች፤ በእጇ ከግድግዳው ያወረደችው ሄልሜት አለ።

«ቁልቁለቱን ራሴ ልወርደው ነው» አለች። «ዮስታይን ከወረደው እኔም እወርደዋለሁ።»

ቪዳር ሳቀ፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። «በዚያ ወገብሽ? ሌላ መርማሪ ይጠራ ይሆን?»

«ትከሻዬን ያመኛል፣ እጄ ወደ ላይ አይሄድም። እሰርልኝ።»

ቪዳር ተነስቶ ሄልሜቱን ራሷ ላይ ደፋውና ከአገጯ ሥር ቀጭ አደረገው።

«አይ! ቆነጠጥከኝ!»

«ስታስሪኝ እንካካሳለን።»

ፈታችው። «ሲኖቬ፣ እስቲ አንቺ።»

ሲኖቬ ማሰሪያውን የፈረስ ልጓም ይመስል ስባ ቆለፈችው። ቱሪድ አሳላት። «ልታንቂኝ ነው?»

«ካልፈለግሽ አትልበሺ።»

«ኧረ እናንተ ከብቶች!» ሃልግሪም ከወንበሩ ተፈናጥሮ ተነሳ። «ሰው እንዲህ ይታሰራል? ዞር በይ አንቺ!» የተቀመጠችው መርማሪ ፊት ተንበረከከ። የአንገት ጨርቋን ሁለቴ አጥፎ ከመቆለፊያው ሥር አስገባ፤ አውራ ጣቱን በጨርቁና በአገጯ መሐል ሸጎጠ፤ ከዚያ በቀስታ ቀጭ። «እንዲህ። አሁን ቆነጠጠሽ?»

«አልቆነጠጠኝም» አለች ቱሪድ። «ዮስታይንንም አልቆነጠጠውም።»

የሃልግሪም አውራ ጣት አገጯ ሥር እንዳለ ቀረ።

ቱሪድ ሄልሜቱን ሳታወልቅ ተናገረች። «በዚያ ፍጥነት አስፋልት ላይ የወደቀ ሰው መዳፉና ጉልበቱ ይላጣል፤ የሱ አልተላጠም። ስለዚህ በስኪ አልወረደም፣ በሚኒባስ ተጭኖ ወርዶ ነው የተጋደመው። ሄልሜቱ ሳይጫር ጭንቅላቱ ተሰብሯል፤ እንግዲያው ሄልሜቱን ያደረገለት ሰው ያደረገለት ከሞተ በኋላ ነው። ያ ሰው ማነው የሚለው ብቻ ነበር የቀረኝ። የሞተ ሰው አገጭ እንዳይቆነጠጥ የሚጨነቅ ሰው ማነው?»

«እኛም ከሱ ነው የተማርነው…» አለች ሲኖቬ፣ ድምፅዋ ሰልሎ።

«እናንተ ልጆች ሆናችሁ ታሳሪ ነበራችሁ። አሳሪው ግን አንድ ሰው ነው። ለራሱ የሚያስር ሰው ቢቆነጠጥ ይሰማዋል፣ ያስተካክላል። ጨርቅ አጥፎ፣ ጣት ሸጉጦ የሚያስረው በረዶ ላይ የሚያለቅሱ ሕፃናትን ሲያስር የኖረ ነው። ሃልግሪም፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ጭንቅላቱን ባዶ ብትተወው ኖሮ መዳፉ ብቻውን አያስጠረጥረኝም ነበር፤ አደጋ ነው ብዬ ፈርሜ እሄድ ነበር።»

ሃልግሪም ቀና ብሎ አያት። መያዙ ሳይሆን የተናገረችው ነገር ያስደነገጠው ይመስል ነበር።

«ያለ ሄልሜት?» አለ። «ቁልቁለት ላይ? እንዴት አድርጌ?»

ቪዳር ጥርሱን ነክሶ ወደ ሃልግሪም ዞረ።

«እኔ ልታሰርልህ ነበር። ቀኑን ሙሉ ዝም ብለህ አየኸኝ። ምን አድርጎህ ነው የገደልከው?»

«ዳገቱ ላይ ጠየቀኝ፤ የማንን ስም ላክህ አለኝ። ነገርኩት።» ሃልግሪም አሁንም አልተነሳም። «‹ድሮም የሕፃናት ሄልሜት አሳሪ ነህ፣ ከዚያ በላይ ሆነህ አታውቅም› አለኝ። ገፋሁት። ከኋላው ድንጋይ ነበር። ድንጋዩን አላየሁትም፣ ቱሪድ።»

«ድንጋዩን አላየኸው ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያደረግከውን ግን አይተህ ነው ያደረግከው» አለችና እጁን ያዘችው።

«ቆይ» አለ ቪዳር። ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ይዞታል። «የማንን ስም ነው የላክኸው?»

«ያንተን። የማትወደድ ሰው ነህ፤ ዮስታይን ግን ዘንድሮ አልደረሰብህም። ጠዋት ተቀብለውታል። ገብተሃል።»

ቪዳር ጠረጴዛውን ለቀቀ። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀውን ቃል ሲሰማ ዘሎ የሚያቅፈው ሰው ፈልጎ ዞር ዞር አለ። ያገኘው ሲኖቬን ብቻ ነው። እሷም ጃኬቷን አንስታ በሩ ላይ ደርሳ ነበር፤ ቆም አለችና ዓይኑን አየችው።

«እንኳን ደስ አለህ» አለችው። በዚያ ቤት ከዚያ የከፋ ስድብ ተሰምቶ አያውቅም።