አቤት ያልኩበት ቅጂ

መጀመሪያ እንግባባ፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። ደብረ ብርሃን ሳድግ እናቴ «ስምሽ ሦስት ጊዜ ሳይጠራ አቤት እንዳትይ፣ የመጀመሪያው ጥሪ የሰው ላይሆን ይችላል» ስትለኝ፣ ሆን ብዬ በመጀመሪያው አቤት እያልኩ አናድዳት ነበር።

ኮሮና ከመምጣቱ ሁለት ዓመት በፊት ሜልቦርን ውስጥ አንድ የምርምር ቢሮ በኮንትራት ተቀጠርኩ፣ ሥራዬ መስማት ነው፣ አትሳቁ፣ አንታርክቲካ የተተከሉ የድምፅ መቅጃዎች በመርከብ ሲመጡ፣ ማዳመጫ አድርጌ የፔንግዊኖችን ድምፅ እየሰማሁ እመዘግባለሁ። ፔንግዊን ልጇን ከሺህ ጫጩት መሐል የምትለየው በድምፅ ነው፣ ጫጩቱ ይጣራል፣ እናቱ ትመልሳለች፣ ኑሯቸው መጣራት ነው።

ያን ዓመት የአንድ ሰፈራቸው ነገር አላማረም። ባሕሩ ሞቆ፣ ጫጩቶቹ ውኃ የማያስገባ ላባ ሳያበቅሉ በረዶው ከሥራቸው ተሰበረ፣ መቅጃው ጸንቶ በቀረው ጠርዝ ላይ ስለነበር ተረፈ። አለቃዬ ግሬግ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ሪፖርቱን ለመጨረስ ቸኩሎ ነበርና፣ የቅጂውን መጨረሻ ቆርጠሽ «የመሣሪያ ብልሽት» ብለሽ ዝጊው አለኝ። እንደዚያ ከተዘጋ የእነዚያ ጫጩቶች ሞት የትም አይጻፍም። ኮንትራቴን የሚያድሰው ደግሞ እሱ ነው፣ ቢሆንም ሳልሰማው አልቆርጥም አልኩ፣ እልኸኛ ነኝ።

ከቀትር በኋላ ነው፣ ውጭ ሙቀቱ አናት ይበሳል፣ እኔ ብቻዬን ማዳመጫዬን አድርጌ ተቀምጫለሁ። መጀመሪያ ጣት እንደማንቋቋት ያለ ድምፅ፣ ቀጥሎ ትልቅ ስንጥቅ፣ ከዚያ የጫጩቶቹ ፉጨት እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ አንድ ብቻ ቀረ። ነፋሱም ቆመ። እመኑኝ፣ በዚያ ጸጥታ ያ አንዱ ጥርት አድርጎ «ሚሚ» አለ።

ቢሮ ውስጥ ትዕግሥት ነኝ፣ ሚሚ የምትለኝ እናቴ ብቻ ናት። ሳላስበው፣ እንደ ድሮዬ፣ «አቤት» አልኩ። ጫጩቱ ዝም አለ፣ እስከ መጨረሻው ውኃ ብቻ ነው የሚሰማው።

ፉጨት ነው፣ ጆሮዬ ነው ብዬ መልሼ ከፈትኩት። «ሚሚ» አለ፣ ከዚያ ከሩቅ፣ እየተቆራረጠ፣ የሴት ድምፅ «አቤት» አለ። የኔ ድምፅ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ማይክሮፎን የለም፣ ቅጂው የወራት ዕድሜ አለው፣ እኔ ደግሞ እዚያ ሄጄ አላውቅም።

ለእናቴ ደወልኩላት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፣ እሷ ግን ስንት ጊዜ እንደጠራኝ ብቻ ጠየቀችኝ። አንዴ አልኳት።

«እናቱን ነው የፈለገው» አለችኝ፣ «አቤት ካልሽ ወዲያ ደግሞ ዝም አይባልም።»

በማግስቱ ሪፖርቱ ላይ «መሣሪያው ደህና ነው፣ በረዶው ተሰብሯል፣ ጫጩቶቹ እስከ መጨረሻው ተጣርተዋል» ብዬ ጻፍኩ። ግሬግ ተናደደ፣ ይህ ቅጂ ከተበላሸ መሣሪያ የመጣ መሆኑን ላሳይሽ ብሎ ማዳመጫውን ራሱ አጠለቀው። ፊቱን እያየሁ ቆምኩ። መጨረሻው ላይ ቀስ ብሎ አወለቀው።

«ማን ናት ሴትዮዋ?» አለኝ፣ «አቤት ማለትስ ምንድነው?»

«እዚህ ነኝ ማለት ነው» አልኩት፣ «አልቆርጠውም።»

እሱም አልቆረጠውም፣ እንደጻፍኩት አሳለፈው፣ የኔ ኮንትራት ግን ሳይታደስ ቀረ። አይቆጨኝም፣ ዛሬም ቢሆን ያንኑ እጽፋለሁ። አሁን እዚሁ ሜልቦርን፣ አስኮት ቬል ሰፈር ነው የምኖረው፣ ሙቀቱ በበረታ ቀን ትራም ላይ ማዳመጫ እንኳ ሳላደርግ አንዴ «ሚሚ» የሚለኝ አለ፣ ሰው ዞሮ እያየኝ ጮክ ብዬ አቤት እላለሁ። ሁለተኛውን ጥሪ ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።