የተጠረገው ግማሽ ሰሌዳ

የሒሳብ መምህሩ ዘውዱ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር በጀርባው ተዘርግቶ ነበር፤ ጭንቅላቱን የሲሚንቶው ደረጃ ጠርዝ መትቶታል። የጠዋቱ ደወል ገና አልተደወለም። ዋና ሳጅን ወርቅነሽ ከደብረ ታቦር ስትደርስ፣ ሽማግሌው ዘበኛ አባ ሙላቴ በካቴና ታስረው በሩ ሥር ተቀምጠዋል።

«ቁልፉ በእሳቸው እጅ ነው» አላት ያሰራቸው ፖሊስ። «ከእሳቸውና ከሁለት የሟቹ ባልደረቦች በቀር ትምህርት ቤቱ ግቢ የገባ የለም።»

«ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ብላው ገባች።

የሰሌዳው ግራ የዕለቱን ቀንና አንድ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ይዟል። ቀኙ በችኮላ ተጠርጓል። ዳስተሩ ጠመኔ ሳይነካው ጠረጴዛው ላይ አለ፤ የሟቹ እጅጌ ግን እስከ ክርኑ ነጭ ነው። ወርቅነሽ የእንግሊዝኛውን ጥያቄ አነበበች። እሷም በተማሪነቷ ስሌቱ እየገባት እንግሊዝኛው እያቃታት፣ ከኋላ ወንበር ብቻዋን ያለቀሰችበት ዓመት ነበር።

«በቀኝ በኩል ምን ይጽፍ ነበር?» ስትል የፊዚክስ መምህርቷን ትዕግሥትን ጠየቀቻት።

«አማርኛውን። ልጆቹ እንዲገባቸው ማልዶ እየመጣ ሁለቱንም ይጽፋል። በአማርኛ እንዳናስተምር ማስጠንቀቂያ ቢለጠፍም እኔም እንደሱ አደርጋለሁ።»

«አባ ሙላቴስ ያውቃሉ?»

«የአማርኛውን ጥያቄ በገበሬ መለኪያ፣ በቁናና በጥማድ የሚያወጡለት እሳቸው አይደሉ! ሌላ የሚያጫውተው ሰው አልነበረውም።»

አባ ሙላቴ ዓይናቸው ቀልቷል። «በሩን ከፍቼለት ውኃ ልቀዳ ወረድሁ፤ ስመለስ ወድቆ አገኘሁት፣ ልጄ።»

ምክትል ርእሰ መምህሩ ሰሎሞን ደግሞ ኮታቸውን እያስተካከሉ «እስክትጠሩኝ ከቢሮዬ አልወጣሁም» አሉ።

ሦስቱንም ሰሌዳው ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ቀኙን የጠረገው ራሱ ዘውዱ ነው፤ እጅጌው ይመሰክራል። ለልጆቹ የጻፈውን ልጆቹ ሳያዩት ለምን ያጠፋል? ዳስተር ለማንሣት እንኳ ጊዜ አላገኘም። የሚደብቀው ሰው መጥቶበት ነው። ከትዕግሥት አይደብቅም፤ እሷም ታደርገዋለች። ከአባ ሙላቴም አይደብቅም፤ አብረው ያወጡታል። በአማርኛ ያስተማረ ይባረራል ብለው ማስጠንቀቂያ የጻፉት ማን ናቸው፣ መምህር ሰሎሞን?»

ሰሎሞን ወደ ተጠረገው ሰሌዳ ዞሩ።

«ልገድለው አላልሁም። ሲጠርግ ደረስሁበት። ተቆጣሁት። "እስከ መቼ ስጠርግ እኖራለሁ?" ብሎ ፊቴ እንደገና ሊጽፍ ጠመኔውን አነሣ። ያን ጊዜ ገፋሁት።»

ካቴናው ከሽማግሌው እጅ ወጥቶ በሰሎሞን እጅ ላይ ታሰረ። ወርቅነሽ ቅጽ አወጣች።

«አስከሬኑን ፈርሞ የሚረከብ ዘመድ ያስፈልጋል። ማን አለው?»

«እናቱ በአገራቸው በእብናት ከሞቱ ወዲህ ማንም የለውም» አለች ትዕግሥት።

አባ ሙላቴ ካቴናው የፋቀውን እጃቸውን ዘረጉ።

«እኔ አለሁ። መጻፍ አልችልም፣ ልጄ፤ ጣቴን ቀለም ቀቢልኝ።»